ነጩ በትር ጌጥ አልነበረም

ሰሞኑን በአንድ የታሪክ ውይይት ላይ እንዲህ ተባለ፦ «የኦርሞንዱ መስፍን ጄምስ በትለር ትልቅ ሰው የሆነው በአየርላንድ እንደራሴነቱ ነው፤ በለንደን ቤተ መንግሥት ግን የግቢ አዛዥነቱን ምልክት ነጭ በትር ይዞ ከመቆም ያለፈ ሥራ አልነበረውም።» ይህን የሚል ሰው የቤተ መንግሥት ጓዳ በምን እንደሚተዳደር አንዲት ቀን እንኳ አላሰበም።

የዚያ ግቢ ሥራ ለሁለት የሚለየው በቤቱ መወጣጫ ደረጃ ነበር። ከደረጃው በላይ ያለው እልፍኝና ሥነ ሥርዓት የእልፍኝ አስከልካዩ ነበር። ከደረጃው በታች ያለው ወጥ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ የወይን ጠጅ ጓዳ፣ ማገዶና ሻማ፣ ዕቃ አጣቢው ሳይቀር፣ የግቢ አዛዡ ነበር። ኦርሞንድ ከ1660 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1688 እስኪሞት ድረስ አዛዥ ነበር። በሥሩ አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጥ ቦርድ ነበር፤ «የአረንጓዴ ጨርቅ ቦርድ» የሚለው መጠሪያውም ከዚያው ጨርቅ የመጣ ነው። የየክፍሉ ወጪ እዚያ ይቀርብ፣ ከተፈቀደው ጋር ይመሳከር ነበር፤ የጎደለበት ይጠየቅ ነበር።

የተሾመውም በክፉ ጊዜ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከገበያ ባነሰ ዋጋ እህልና ከብት የሚወስድበትን መብት ፓርላማው በዚያው በ1660 ሻረው። በምትኩ የመጠጥ ቀረጥ ለንጉሡ ተመደበ፤ ዳሩ ግን በዓመት 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ይሆናል የተባለው ጠቅላላ ገቢ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልሞላም። እንግዲህ በገበያ ዋጋ መግዛት ግድ ሆነ፤ ገንዘቡ ግን የለም። ስለዚህ በዱቤ ይወሰዳል። ዱቤ በዘገየ ቁጥር ነጋዴው ዋጋ ይጨምራል፣ ወይም ዕቃውን ይከለክላል። በ1663 በግቢው ይበሉ የነበሩ የብዙ ሹማምንት ማዕድ ታጠፈ፤ በምግቡ ፋንታ የቀለብ ገንዘብ ተተመነላቸው። የለመደውን ማዕድ የተነጠቀ ባላባት ምን ያህል እንደሚቆጣ ለማወቅ ታሪክ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ያንን ቁጣ የሚችል ትከሻ የመስፍን ትከሻ ብቻ ነው፤ ጸሐፊ አይችለውም።

ኦርሞንድ ለዓመታት ደብሊን መቀመጡ፣ የዕለት ሂሳቡንም ጸሐፊዎች መሥራታቸው እውነት ነው። ሆኖም ንጉሡ ዳግማዊ ቻርልስ በ1669 ከእንደራሴነቱ ሲሽረው በትሩን አልነጠቀውም። ባዶ ጌጥ ቢሆን ኖሮ ጠላቶቹ ያኔውኑ ያስቀሙት ነበር።

ደግሞስ ጓዳን መናቅ በዚህ ቤተሰብ ፊት ምን ያህል ድፍረት ነው! በትለር ማለት ጠጅ አሳላፊ ማለት ነው። ቅድመ አያታቸው ቴዎባልድ ዋልተር በ1185 ከልዑል ጆን ጋር አየርላንድ የገባው በዚሁ ማዕረግ ነው። ወደ አየርላንድ ወደቦች ከሚገባው ወይን ጠጅ አንድ አሥረኛ ገደማ ለዚህ ቤት ይሰጥ ነበር፤ መንግሥት ይህን መብት በ1811 መልሶ ሲገዛ የከፈለው 216,000 ፓውንድ ነው።