ማመልከቻው የገባበት ቀን እና ውሳኔው የተጻፈበት ቀን

አንድ አካል ጉዳተኛ የመንግሥት ድጋፍ እንዲሰጠው ካመለከተበት ቀን አንሥቶ «ይገባዋል» ወይም «አይገባውም» የሚል ውሳኔ በጽሑፍ እስከሚደርሰው ድረስ ምን ያህል ጊዜ ይጠብቃል? በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኙት ሰፈሮች፣ በየካ አባዶም ሆነ በአራብሳ ወይም በገላን ጉራ፣ ይህን የሚናገር ቁጥር በወረዳ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ወይም በሪፖርት ላይ ተጽፎ አላየሁም። ቁጥሩን ለማግኘት ግን ከባድ ጥናት አያስፈልግም። ማመልከቻ ገቢ ሲሆን ቀን ይጻፍበታል፤ ውሳኔም በደብዳቤ ሲወጣ ቀን ይጻፍበታል፤ የሚፈለገው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህን ልዩነት ሕዝብ በሕግ መጠየቅ እንደሚችልና መጠየቅም እንዳለበት አምናለሁ፤ ጥያቄው በጥንቃቄ ካልቀረበ ግን የሚገኘው መልስ እውነቱን ከመግለጥ ይልቅ ሊሸፍነው ስለሚችል፣ በዚህ ጽሑፍ አብዛኛውን ቦታ የምሰጠው ለአጠያየቁ ነው።

ድጋፍ ስንል አንድ ነገር ብቻ ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት መሥራት የሚችሉትን በአካባቢ ልማት ሥራ ሲያሰማራ፣ በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት ለማይችሉት ደግሞ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ የሚባለውን ይሰጣል። ከዚህ ሌላ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ክራንችና ሰው ሠራሽ እግር የሚጠይቅ አለ፤ የጤና መድን መዋጮው መንግሥት እንዲከፍልለት የሚያመለክት አለ፤ የመሥሪያ ቦታ የሚለምን አለ። እነዚህ ሁሉ በተለያየ ጽሕፈት ቤትና በተለያየ መመሪያ የሚያልፉ ቢሆኑም መነሻቸው አንድ ነው፤ አንድ ሰው መዝገቡን አይቶ አመልካቹ ድጋፉ ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብሎ መወሰን አለበት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት የኢኮኖሚ አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል። አቅም ውስን ስለመሆኑ ክርክር የለኝም። ውሳኔ መስጠትን ግን አቅም አይገድበውም፤ «ይገባሃል፣ ገንዘቡ ግን ለጊዜው ስለሌለ ተራ ጠብቅ» ማለት ራሱ ውሳኔ ነው፣ በዕለቱም ሊጻፍ ይችላል።

በከተማው ዳር የሚኖር ሰው መጠበቁ ብቻ ሳይሆን እየተመላለሰ መጠበቁ ይጎዳዋል። በክራንች የሚሄድ ሰው ከመንደሩ እስከ ታክሲ መያዣው መድረሱ አንድ ፈተና ነው፤ በክረምት ጭቃው ላይ ሌላ ፈተና ይሆናል። የሕክምና ማስረጃ አምጣ ሲባል ትልቁ ሆስፒታል መሐል ከተማ ነው፣ ስለዚህ ደጋፊ ይዞ ይሄዳል፣ የሁለት ሰው ትራንስፖርት ይከፍላል፣ ደጋፊው የቀን ሠራተኛ ከሆነም የዚያን ቀን ገቢ ያጣል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከመሐል ከተማ ወደ ዳር የተዛወሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ከመካከላቸው ድጋፍ የጠየቁ ወይም ሲያገኙ የነበሩ ሰዎች ፋይላቸው በቀድሞው ወረዳ ቀርቶ፣ በአዲሱ ወረዳ «መሸኛ አምጡ» ሲባሉ ሰምቻለሁ። የዚህ ዓይነቱ ሰው የሚጠብቀው ጊዜ ከየትኛው ቀን ይቆጠር? በፊት ካመለከተበት ቀን ነው ወይስ መሸኛውን ካቀረበበት? አንዱ ተቋም ከመጀመሪያው ሌላው ከሁለተኛው ከቆጠረ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር ትርጉም አይኖረውም።

በእድራችን ማመልከቻ መጻፍ የሚያስቸግራቸውን አባላት እረዳለሁ። በሥራ ላይ ከፎቅ ወድቆ እግሩን ያጣ አንድ የግንባታ ሠራተኛ ጉዳዩ የት እንደደረሰ እንድከታተልለት ጠይቆኝ ነበር። መቼ እንዳመለከተ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ከፋሲካ በፊት ነው፤ ወረቀቱን ተቀብለውኛል እኮ» አለኝ። የተቀበሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ገቢ ቁጥር አልሰጡትም፣ በቅጂው ላይም ማኅተም አላረፈም። ወደ ጽሕፈት ቤቱ አብሬው ስሄድ፣ ማስረጃው ስላልተሟላ ማመልከቻው መዝገብ ላይ እንዳልሰፈረ ነገሩን። የጎደለው ምን እንደሆነ ከዚያ ቀን በፊት በጽሑፍ ቀርቶ በቃልም የነገረው አልነበረም። ያስተናገደችን ሠራተኛ ትሁት ነበረች፤ ብዙ ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቃት እንደነበረም አይቻለሁ። በሰውየው ቆጠራ ወራት የፈጀው ጉዳይ በመንግሥት ቆጠራ ገና አልተጀመረም ነበር።

ወደ ሕጉ ልምጣ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ የሚገኝን መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የሚዲያውን ክፍል ቢተካም የመረጃ ነፃነቱ ክፍል በሥራ ላይ እንዳለ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ለተቋሙ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሲሆን፣ መልሱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ጊዜው የሚራዘምበት ሁኔታም በአዋጁ ተቀምጧል። መጻፍ የማይችል ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት የተቸገረ ሰው በቃል ጠይቆ ኃላፊው እንዲጽፍለት ሕጉ ይፈቅዳል፤ ለዓይነ ስውራንና ፊደል ላልቆጠሩ ወገኖቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተከለከለ ሰው ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል፤ ከዚያም ወዲያ ፍርድ ቤት አለ።

እንግዲህ ምን ብለን እንጠይቅ? «ውሳኔ ለመስጠት በአማካይ ስንት ቀን ይፈጃል?» ብሎ መጠየቅ ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ ይሁንና በሁለት ምክንያት ያሳስታል። የመጀመሪያው አማካይ ራሱ ነው። ለምሳሌ ያህል አምስት አመልካቾች በ10፣ በ12፣ በ15፣ በ20 እና በ300 ቀናት ውሳኔ አገኙ እንበል። አማካዩ 71 ቀን ገደማ ይሆናል፤ ከአምስቱ አንዱም ግን ወደዚያ የተጠጋ ጊዜ አልጠበቀም። አራቱ ከ20 ቀን ያልበለጠ ሲጠብቁ አንዱ ብቻውን ለአንድ ዓመት ያህል ተረስቷል፣ የኛ ጭንቀት መሆን ያለበትም እሱ ነው። ስለዚህ አመልካቾች በጠበቁት ጊዜ ቅደም ተከተል ቢደረደሩ መሐል ላይ የሚገኘው ሰው ስንት ቀን ጠበቀ፣ ከ30 ቀን፣ ከ90 ቀንና ከአንድ ዓመት በላይ የጠበቁት እያንዳንዳቸው ስንት ናቸው ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የከፋ ነው። የውሳኔ ጊዜ የሚሰላው ውሳኔ ካገኙት ሰዎች ነው። እስካሁን ውሳኔ ያላገኘው ሰው የሚጠብቀው ጊዜ መጨረሻው ስለማይታወቅ ከስሌቱ ይወጣል፤ ማለትም ጉዳዩ ይበልጥ በቆየ ቁጥር ከሪፖርቱ ውጭ የመቅረት ዕድሉ ይሰፋል። አንድ ወረዳ አስቸጋሪ መዝገቦችን ወደ ጎን ትቶ ቀላሎቹን ቶሎ ቶሎ ቢጨርስ ቁጥሩ እጅግ ያማረ ይሆናል። ይህን ለመከላከል በአንድ በተወሰነ ቀን፣ ለምሳሌ በበጀት ዓመቱ መዝጊያ በሰኔ 30፣ ሳይወሰኑ ያደሩት ጉዳዮች ስንት እንደሆኑና እያንዳንዳቸው ከገቡ ምን ያህል ጊዜ እንደሆናቸው ለብቻው መጠየቅ ይገባል።

በዚህ ላይ የዙር ጉዳይ ይጨመራል። የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ምልመላ ዓመቱን ሙሉ በየዕለቱ የሚካሄድ ሳይሆን በዙር የሚከናወን ነው፤ የአካባቢው ኮሚቴ ነዋሪዎችን ይለያል፣ የተመረጡት ስም ለቅሬታ ይለጠፋል፣ ከዚያ ዝርዝሩ ይጸድቃል። ዙሩ ከተዘጋ በኋላ ጉዳት የደረሰበት ወይም ወደ አካባቢው የተዛወረ ሰው የሚያመለክትበት መስኮት የለውም። መዝገብ ስላልተከፈተለትም በየትኛውም የውሳኔ ጊዜ ስሌት ውስጥ አይገባም፣ እሱ ግን በቤቱ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ በሁለት ዙሮች መካከል ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈና በመካከሉ የመጡ ሰዎች በተጠባባቂነት ተመዝግበው እንደሆነ መጠየቅ የጥያቄው ዋና አካል መሆን አለበት። በበኩሌ ከሁሉም ይልቅ ይህ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚወቀስ ሰነፍ ሠራተኛ የለም፣ አሠራሩ ራሱ ነው ሰውን ከቁጥር የሚያስወጣው።

ይህ ዓይነቱ ቁጥር በሌላ አገር የተለመደ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ብሔራዊ የአካል ጉዳት መድን ሕግ፣ አንድ ሰው ወደ ፕሮግራሙ ለመግባት ሲያመለክት ተቋሙ በ21 ቀናት ውስጥ ወይ እንዲወስን ወይ ተጨማሪ ማስረጃ እንዲጠይቅ ታዝዟል፤ ተቋሙም ቀነ ገደቡን ምን ያህል እንዳከበረ በየሦስት ወሩ በሚያወጣው ሪፖርት ይገልጻል። በዚያ አገር የመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት ለመረጃ ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜም እንደ እኛው 30 ቀን ነው። ሀብታም አገር ስለሆነች ነው የሚል ይኖራል። ድጋፉን በሚመለከት ልክ ነው፤ ሁለት ቀኖችን ለማቀናነስ ግን ሀብት አይጠይቅም። ደግሞም በእኛ አገር በብዙ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ እያንዳንዱ አገልግሎት በምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥና ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ተጽፎበታል። ቃሉን የገባው መንግሥት ራሱ ስለሆነ፣ ከተገባው ቃል ምን ያህሉ ተፈጸመ ብሎ መጠየቅ ለማንም እንግዳ ሊሆን አይገባም።

አንድ ስጋት በቅንነት መታየት አለበት። ፍጥነት ብቻ ከተለካ ሠራተኛው ቶሎ ለመጨረስ ሲል ማስረጃው የጎደለውን ሁሉ «አይገባውም» ብሎ ሊመልስ ይችላል፣ ይህም ከመዘግየት የባሰ ጉዳት ነው። በተለይ ከውጭ የማይታይ ጉዳት ያለበት ሰው፣ የአእምሮ ሕመምተኛውና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ፣ በጥድፊያ ውስጥ ቀድመው የሚወድቁት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ውድቅ የተደረጉት ስንት እንደሆኑ፣ ቅሬታ ያቀረቡት ስንት እንደሆኑና በቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ውሳኔያቸው የተለወጠላቸው ስንት እንደሆኑ ከጊዜው ጋር አብሮ መጠየቅ አለበት። የግለሰቦች ምስጢር ጉዳይም እውነተኛ ነው። ስም፣ የቤት ቁጥርም ሆነ የሕመም ዓይነት በጥያቄው ውስጥ መግባት የለበትም፤ በአንድ ወረዳ ያሉት አመልካቾች ጥቂት ከሆኑና ከቁጥሩ ሰውየውን መለየት ከተቻለ፣ መረጃው በክፍለ ከተማ ደረጃ ተጠቃሎ ይሰጥ። «እንዲህ ተጠናቅሮ የተቀመጠ ሪፖርት የለንም» የሚል መልስ ከመጣ ደግሞ፣ ከመዝገቡ ስም ተሰርዞ የገቢና የውሳኔ ቀኖቹ ብቻ እንዲገለበጡ መጠየቅ ይቻላል፤ ማጠናቀሩን እኛው እንሠራዋለን።

አካል ጉዳተኞች ምን ያህል እንደሆኑ እንኳ በአግባቡ ያልተቆጠረበት አገር ውስጥ መሆናችንም መዘንጋት የለበትም። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማውን ብቻ አካል ጉዳተኛ ብሎ መዝግቧል፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ግን ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ ያህሉ ከአንድ ዓይነት አካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገምቷል። ቀጣዩ ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዝሟል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 31 አገራት መረጃና ስታቲስቲክስ እንዲሰበስቡ ያስገድዳል። ሕዝብ ቆጠራው እስኪመጣ ድረስ፣ በጽሕፈት ቤት በር ላይ ራሳቸው ቀርበው «አለን» ያሉትን ሰዎች መዝግቦ መያዝ ትንሹ ግዴታ ነው።

ጥያቄውን ማንም ግለሰብ ማቅረብ ይችላል፤ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትና ፌዴሬሽናቸው ቢያቀርቡት ግን ሁሉንም ክፍለ ከተሞች በአንድ ዓይነት ቅጽ ጠይቀው ማወዳደር ስለሚችሉ ይመረጣል። የሰፈር እድሮችም በየወረዳቸው ሊጠይቁ ይችላሉ። የምናቀርበው ወረቀት ከአንድ ገጽ አይበልጥም፦ ባለፈው በጀት ዓመት ገቢ የሆኑ ማመልከቻዎች በድጋፍ ዓይነት ተለይተው፣ የገቡበትና የተወሰኑበት ቀን፣ በሰኔ 30 ሳይወሰኑ ያደሩት፣ ማስረጃ አልተሟላም ተብለው ሳይመዘገቡ የተመለሱት፣ ውድቅ የሆኑትና በቅሬታ የተለወጡት፣ የመጨረሻው የምልመላ ዙር የተዘጋበት ቀን። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይሰጥ፣ ሁለተኛው ላይ ገቢ ቁጥርና ማኅተም ካረፈበት በኋላ በጠያቂው እጅ ይቆይ፣ 30ው ቀንም ከዚያ ማኅተም ይቆጠር።