አይጠየፍ ዋይፋይ

እህቴ ጅዳ ናት። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኢሞ እንገናኛለን። ባለፈው ዓርብ ግን «ለእናቴ ንገራት...» ብላ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች። አንድ ዓይኗ ተከድኗል፣ አንዱ ፈጧል። ለካ እኔም በእሷ ስልክ ላይ እንደዚያው ሆኛለሁ። ኋላ «አፍህ ምን ሆኖ ነው የተጣመመው? ሐኪም ዘንድ ሂድ» ብላ ጻፈችልኝ።

መስመራችን ባለ 4 ሜጋ ናት። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ሦስት ስልክ፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ላፕቶፕ ነው ያለው። ለዚህ ማነስ አልነበረባትም።

«ሰው እየሰረቀን ነው» አልኳት ባለቤቴን።

«ምን ጎደለ?» ብላ ድስት ልትቆጥር ወደ ማድቤት ተነሳች።

ዋይፋይ መሆኑን ስነግራት ተመልሳ ተቀመጠች። «እሱ ደግሞ በስንት ኪሎ ይጎድላል?»

ራውተሩን ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት አቧራ ጠግባለች። የራውተሩን አድራሻ 192.168.1.1 ብዬ በስልኬ ስጽፍ በሩ ተከፈተ። መግቢያ ስሙ «አድሚን»፣ ፓስወርዱም «አድሚን»። ይህን ሳይቀይሩ መተው በር ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ሰክቶ እንደመሄድ ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ገብቼ የተገናኙትን መሣሪያዎች ቆጠርኩ። 17።

«የእኛን አምስት ቀንሰን 12 እንግዳ አለብን» አልኩ።

«ምን አቀረብክላቸው ታዲያ?»

ደሴን የሚያውቅ ነገሩ አይደንቀውም። ቤታችን ጦሳ ተራራ ሥር ዳገቱ ላይ ነው። የእኛ ወለል ከታች ላሉት እማማ ጣሪያ ነው ማለት ይቻላል። ራውተር ደግሞ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይለቃል። ባለ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ያደክመዋል። ባለ 2.4ቱ ይዘገያል፣ ነገር ግን ግድግዳ አልፎ ሩቅ ይሄዳል። የእኛ ግድግዳ ደግሞ ጭቃ ነው። ጉም ሲወርድ ሰፈሩ ሁሉ በጊዜ ቤቱ ይከተታል፣ ተከቶም ስልኩን ያወጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን እህቴን ጠይቋት።

ማጣራት ጀመርኩ። እያንዳንዱ መሣሪያ ማክ አድራሻ የሚባል 12 ምልክት አለው። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ የሠራውን ፋብሪካ ይናገራሉ። ይህን የሚያድለው አይ ትሪፕል ኢ የሚባለው የኢንጂነሮች ማኅበር ነው። የቀሩት ስድስቱ የመሣሪያው የግሉ ናቸው። የእኛም አገር ሽማግሌ አዲስ ልጅ ሲያይ ስሙን አያስቀድምም፣ «የማን ልጅ ነህ?» ነው የሚለው። ማክ አድራሻ ወሎ ያደገ ነው የሚመስለው።

የአባቶቻቸውን ስም በደብተር መዘገብኩ። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ተደርድረው መጡ። ሁለቱም ትራንሽን የሚባል የቻይና ኩባንያ ልጆች ስለሆኑ እንደ ወንድማማች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሳምሰንግ ሦስት። አይፎን አንድ። በሰፈራችን አይፎን የያዘው ደላላው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ «እኔ ያልተገደበ ነው የምገዛው» እያለ ሲምል የሚውል ሰው ነው።

አንዱ ላይ ስደርስ «ኤስፕረሲፍ» ይላል።

«ቡና ማፍያ ነዋ!» አለች ባለቤቴ። «እኔ ከሰል እያራገብኩ ማን ነው በእኛ ዋይፋይ ኤስፕሬሶ የሚጠጣው?»

ኤስፕረሲፍ ሻንጋይ ያለ የቺፕ ኩባንያ ነው። ቺፑ ከስልክ በሚታዘዙ አምፖሎችና ሶኬቶች ውስጥ ይገባል። ይህን አስረዳኋት። አላመነችም።

ሦስቱ ደግሞ አባት የላቸውም። ይህ ነገር ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአንድሮይድ 10፣ በዓመቱ ደግሞ በአይፎን የመጣ ነው። ስልኩ እውነተኛውን አድራሻ ደብቆ የፈጠራ ስም ይሰጣል። ለአንዱ ቤት አንድ ስም፣ ለሌላው ቤት ሌላ ስም። ሠርግ ቤት ገብቶ በሙሽራው በኩል ሲጠይቁት «የሙሽሪት ዘመድ ነኝ»፣ በሙሽሪት በኩል ሲጠይቁት ደግሞ «የሙሽራው» የሚለውን ሰውዬ ታውቁታላችሁ አይደል? እሱ ነው። ምልክት ግን አለው። ከ12ቱ ሁለተኛዋ 2 ወይም 6፣ አለበለዚያም ኤ ወይም ኢ ከሆነች ስሙ የፈጠራ ነው። ሦስቱንም በቀይ እስክሪብቶ «ተጠርጣሪ» ብዬ ከበብኳቸው። አንደኛው የራሴ ስልክ መሆኑን ያወቅኩት በማግሥቱ ነው።

ፒንግም አደረግኩ። ፒንግ «አለህ?» ብሎ በር ማንኳኳት ነው። ጨዋው «አለሁ» ይላል። አንዳንዱ ግን እያለ ዝም ይላል፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው። ለዚያኛው ኤአርፒ አለ፤ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ዘዴ ነው። በር ማንኳኳቱን ትቶ፣ ራውተሩ ለየመሣሪያው የሚያድለውን ቁጥር ይዞ «የዚህ ቁጥር ባለቤት ማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ይጮሃል። «ይህ በግ የማን ነው?» ብሎ ሜዳ ላይ እንደመጮህ ነው። ለበር ማንኳኳት ዝም ያለ ሁሉ በጉ ሲጠራ ይወጣል። እንዲህ አድርጌ ሁሉንም አወጣኋቸው። ግን ያወጣሁት ቁጥር ነው። የቁጥሩ ባለቤት የትኛው ግድግዳ ጀርባ እንደተቀመጠ ኤአርፒ አይናገርም።

የዋይፋዩ ፓስወርድ እንዴት እንደወጣ ልጄን ስጠይቃት «እኔ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሰጠሁት፣ በኪውአር» አለች። ምሥጢርም የሚሞተው እንዲሁ ለአንድ ሰው ብቻ ተነግሮ ነው። ልቆጣ ስል ግን የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ። አክስቴ ያረፈች ጊዜ ግቢያችን ድንኳን ተተክሎ ነበር። ከኮምቦልቻ ሁለት አውቶብስ ዘመድ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መጣ። ሁሉም ውጭ አገር መርዶ የሚያደርስበት ሰው አለው። ኔትወርክ የለም። ፓስወርዱን በትልቁ ካርቶን ላይ ጽፌ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ስልክ ደግሞ አንዴ የገባበትን ቤት አይረሳም። ዛሬም ከኮምቦልቻ ለሰኞ ገበያ የመጣ ዘመድ በበራችን ሲያልፍ እሱ ሳይገባ ስልኩ ይገባል።

«ተወው ይህን ደብተር» አለች ባለቤቴ እሑድ ጠዋት። ሄዳ ራውተሩን ከሶኬት ነቀለችው። ከዚያ ቡና መቁላት ጀመረች። «ባለቤቶቹ ራሳቸው ይመጣሉ።»

አቦል ሳይቀዳ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ። ልብስ ሰፊው ነው።

«ደህና አረፈዳችሁ? ልጆች ደህና? የእናትህ ጉልበት ተሻለው? ከብቱስ?» ከብት የለንም። «መብራት አለ አይደል?»

«አለ።»

አምፖሉን አየ። ዝቅ ብሎ ራውተሩን አየ። አንድም መብራት አይበራበትም። «እኽ» ብሎ ተቀመጠ። ቴክኖ ቁጥር ሁለት ላይ ምልክት አደረግኩ።

አቦል ሳያልቅ ሦስት ተማሪዎች «ጋሼ፣ መጽሐፍ ልናስመልስ ነው» ብለው መጡ። መጽሐፍ አበድሬያቸው አላውቅም፣ እነሱም ምንም አልያዙም። ቶና ላይ ባለሱቁ ግማሽ ኪሎ ስኳር ይዞ ገባ። በሱቁ ዱቤ ስጠይቀው ሰማይ የሚያይ ሰው ነው። ስለ ብርዱ አወራ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራ። በመጨረሻ አልቻለም።

«ካሜራዬ ታወረብኝ እኮ» አለ። «ሌባ እንዳይገባብኝ ያስተከልኩት። አምፖሉም ከስልኬ አልታዘዝ አለኝ፤ ያ ቀይና ሰማያዊ የሚሆነው።»

ባለቤቴ ጀበናዋን አስቀመጠች። «ኤስፕሬሶው ያንተ ነው?»

ሰውዬው የምን ኤስፕሬሶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባውም። እኔ ግን ሌባ የሚጠብቀው ካሜራ በማን ዋይፋይ ሲጠብቅ እንደኖረ ገባኝ።

ደላላው «ለሰላምታ ነው ያለፍኩት» ብሎ በር ላይ ቆመ። አይፎኑን ከፍ አድርጎ ወደ ጦሳ ያዞረዋል፣ ወደ ሆጤ ያዞረዋል። ሰላምታው ለእኛ ይሁን ለሰማይ አልለየሁም።

በረካ ላይ የታችኛው ቤት እማማ ዳገቱን በከዘራ ወጥተው መጡ። ብድግ ብለን ተቀበልናቸው። እሳቸው ነገር አያጣምሙም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የልጅ ልጄ ከሪያድ የላከልኝ ቴሌቪዥን ቁርኣን አላሰማ አለኝ። ከላይ የሚመጣው ነገር ቆመ አሉኝ። ማን እንደሚለቀው አላውቅም፤ ግን ይኸው ሁለት ረመዷን ለባለቤቱ ዱዓ አደርግለታለሁ።»

ደብተሬን ከደንኩት። ሦስተኛው ሳምሰንግ ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። ባለቤቴ ተነስታ ሶኬቱን ሰካች። አረንጓዴዎቹ መብራቶች ተራ በተራ ሲበሩ ቤቱ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ።

ማታ ግን እህቴ እንደገና ደረቀችብኝ። እልህ ያዘኝ። «የእንግዳ መስመር የሚባል አለ» አልኳት ባለቤቴን። «ቤተሰብ በአንዱ፣ እንግዳ በሌላው ይገባል። የእንግዳውን ፍጥነት መገደብም ይቻላል።»

«ለእንግዳ የተለየ መሶብ?» አለች። «ደሴ ተቀምጠህ?»

ነገሩ እንደ እሷ ነው። ያ ራውተሩ የሚያድለው ቁጥር ከ1 እስከ 254 ይሄዳል፤ 1ን ራውተሩ ይወስዳል፤ 253 ወንበር ለእንግዳ ይተርፋል። ንጉሥ ሚካኤል ግብር የሚያበሉበትን አዳራሽ እዚሁ ከተማችን ላይ ሲያሠሩ ስሙን አይጠየፍ አሉት። እሳቸው ግን መስመራቸው ባለ 4 ሜጋ አልነበረም።

ስለዚህ ሌሊት ተነስቼ ፓስወርዱን ቀየርኩ። «አድሚን»ንም ቀየርኩ። 16 ፊደልና ቁጥር ቀላቅዬ በወረቀት ጻፍኩና ከጀበናው መደርደሪያ ሥር ደበቅኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ጠዋት ስነሳ ከሰሉ ተያይዟል። ወረቀቷ የለችም።

«በምን አቀጣጠልሽው?»

«እዚህ ሥር አንድ ቁራጭ ነገር ነበረች» አለች።

ስልኬ ፓስወርድ ይጠይቀኛል። እኔ የማስታውሰው መጨረሻ ላይ 7 እንዳለ ብቻ ነው። እህቴ ዛሬ እንደገና እደውላለሁ ብላለች፤ ግማሽ ሰዓት ቀርቷታል። በር ላይ ወጥቼ ቆምኩ። የልብስ ሰፊው ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዩቲዩብ ያያል። ቪዲዮው አንዴም አይቆራረጥ። ስልኬን አየ፣ ፊቴን አየ። ጎኑ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «መጀመሪያዋ ፊደል ትልቋ ናት።»