ይድረስ ለክቡር አቶ ኢፍ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ መጠየቅዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ በኮድ ውስጥ «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚሉት ትእዛዝ ነዎት። «ባሉበት» ያልኩት አድራሻዎ ጠፍቶኝ አይደለም። የሌሉበት ቦታ አጥቼ ነው። ትናንት አንድ የኮድ ፋይል ብከፍት በ200 መስመር ውስጥ 31 ጊዜ አገኘሁዎት። ከ31ዱ 19ኙ ላይ የጠየቁት ያንኑ ነው፦ «ባዶ ነው እንዴ?» አይደለም። ሦስት መስመር ወረድ ይላሉ። «አሁንስ?» ኧረ አይደለም!

አንቱ የምልዎት ለሽሙጥ ብቻ እንዳይመስልዎት። ዕድሜዎ ያስገድደኛል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ሊስፕ የፕሮግራም ቋንቋ ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ከነሙሉ ክብርዎ አሉ። ያኔ ጨዋ ነበሩ። ጠይቀው፣ መልስ ሰጥተው፣ ዞር ይላሉ። ያበላሸዎት ጓደኛዎ ናል፣ ማለትም «እዚህ ምንም የለም» የሚለው ባዶ ምልክት ነው። እሱን የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1965 አልጎል ደብልዩ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ አስገቡት፤ ምክንያቱም ለመሥራት ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ወጥተው «የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ» አሉት። ሰውየው አመኑ። እርስዎስ? ናል በሄደበት ሁሉ ተከትለው እንደ አሸን ሲፈሉ አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ ሲሉ አልሰማንም።

እውነቱን ልንገርዎትና ወደ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ፣ ፈንክሽን በሚባሉ ትንንሽ የኮድ ቁራጮች ወደሚገነባው የአጻጻፍ ዘይቤ፣ የሸሸሁት ከእርስዎ ነበር። ናል የለም ተባልኩ። ደስ አለኝ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ በር ከፍተው የተቀበሉኝ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ልብስ ቀይረዋል። ስምዎም ኬዝ ሆኗል። ድምፅዎን ግን የት አባቴ እረሳዋለሁ!

የጻፍኳትን ፈንክሽን ላስታውስዎት። የማጓጓዣ ዋጋ ታሰላለች። ሀስኬል የሚባለው ቋንቋ ናሲንግ የሚለውን «የለም» ብዬ ላንብብልዎት። ተጠቃሚውን ፈልግ። የለም ከሆነ «የለም» ብለህ መልስ። ካለ አድራሻውን ፈልግ። የለም ከሆነ «የለም» ብለህ መልስ። ካለ ከተማውን ፈልግ። የለም ከሆነ «የለም» ብለህ መልስ። ካለ ዋጋውን አስላ። እያንዳንዱ «ካለ» ኮዱን ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ለማንበብ አንገቴን ማዘንበል ብቻ ቀረኝ። ሥራው እኮ አራት ቃል ነው፤ ፈልግ፣ ፈልግ፣ ፈልግ፣ አስላ። የተረፈው ሁሉ እርስዎ ነዎት።

እርስዎን ከዚያ ለማንሳት ሁለት መስመር እንደሚበቃ ሳውቅ ራሴን ታዘብኩት። አንደኛው፦ የመጣው «የለም» ከሆነ «የለም» ሆኖ ይለፍ። ሁለተኛው፦ የሆነ ነገር ከያዘ ውስጡን አውጥተህ ለቀጣዩ ፈንክሽን ስጥ። በቃ። ሀስኬል ባይንድ ይለዋል፣ ስካላ የሚባለው ቋንቋ ፍላትማፕ። ረስት በሚባለው ውስጥ ደግሞ አንዲት የጥያቄ ምልክት ናት። ገጽ ሙሉ ሲጠይቁ የኖሩትን ረስት በአንዲት ምልክት ጠይቃ ጨረሰች። እርስዎን ብሆን አፍር ነበር። (ይህ አሠራር የሚጠራበትን ሞናድ የሚለውን ቃል ሰምቶ እግሬ አውጪኝ ያለ ሰው ካለ አልፈርድበትም። ስሙ ከሥራው ይከብዳል።)

ደግሞ አባረሩኝ ብለው እንዳያሙን። እዚያው ሁለት መስመር ውስጥ አሉ። አንድ ጊዜ ተጽፈው፣ አንድ ጊዜ ተፈትሸው፣ አርፈው ተቀምጠዋል። ሦስት ቦታ ከመገተር አይሻልም?

አሁን ወደ ቂሜ ልምጣ።

የታዘዘው ዕቃ ብዛት ከዜሮ መብለጥ አለበት። ይህን በሰባት ፈንክሽኖች ውስጥ ጠይቀዋል። በስድስቱ «ከዜሮ ይበልጣል?» ብለዋል። በሰባተኛዋ ግን «ዜሮ ነው ወይስ ከዚያ በላይ?» አሉ። አንዲት የእኩል ምልክት ጨመሩ። ተመላሽ ገንዘብ የሚያሰላው መንገድ ደግሞ የሚያልፈው በእሷ በኩል ብቻ ነበር። ብዛቱ ዜሮ የሆነ ትዕዛዝ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ቀጥሎ ያለው መስመር ጠቅላላ ዋጋውን ለብዛቱ ሲያካፍል ፕሮግራሙ ተዘረረ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁም ስቅሌን አየሁ። ሰባቱም እኮ ሲታዩ አንድ ናቸው። ዓይን ስድስቱን ካመነ ሰባተኛዋን አይፈትሽም። ማን ጻፋት ብዬ ማን ምን እንደጻፈ የሚመዘግበውን ጊትን ጠየቅኩት። የራሴን ስም ነገረኝ። ጥፋቱ የእርስዎ ነው ብዬ የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እስቲ ዛሬ ደግሞ እኔ ልጠይቅ። «ከዜሮ ይበልጣል?» ብለው «አዎ» ሲባሉ፣ ያንን «አዎ» የት ያደርጉታል? ይጥሉታል! ቁጥሩ ተራ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ሆኖ ገብቶ ተራ ኢንቲጀር ሆኖ ይወጣል። ቀጣዩ ፈንክሽን መፈተሹን በምን ይወቅ? ስለማያውቅ እርስዎን እንደገና ይጠራል። ሰባት ቦታ የተገኙት በዚህ ነው። መልሱን የሚይዝ ሰው ስለሌለ።

ስለዚህ ኮዱን ሳስተካክል በሩ ላይ አንዴ ብቻ አቆምኩዎት። ጥያቄውን ያለፈ ቁጥር «የትዕዛዝ ብዛት» የሚባል የራሱ ታይፕ (የዳታ ዓይነት) ለብሶ ይወጣል። ይህን ታይፕ መሥራት የሚችለው ያ የበሩ ፈንክሽን ብቻ ነው። ውስጥ የቀሩት ስድስቱ ተራ ቁጥር አይቀበሉም። ልስጣችሁ ብል እንኳ ኮዱን ከመሥራቱ በፊት የሚመረምረው ኮምፓይለሩ ገና ከመነሻው ይመልሰኛል። ስድስቱ ቦታ ላይ የነበሩትን እርስዎን ሳጠፋ የተሰማኝን ደስታ ብነግርዎ ያዝኑብኛል።

«አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚያውቁ፣ ቡሊያን የሚባሉ የወንድም ልጆችዎም አሉ። አንድ ትዕዛዝ ላይ ሦስቱን አስቀምጬ ነበር፤ ተከፍሏል፣ ተልኳል፣ ተሰርዟል። ሦስት ቡሊያን ስምንት ዓይነት ሁኔታ ይወልዳል። ለሥራው የሚያስፈልጉኝ አራት ነበሩ። የተቀሩት ጉድ ናቸው፤ ሳይከፈልበት የተላከ፣ ተሰርዞም የተላከ። እርስዎ ደግሞ በየፈንክሽኑ እየገቡ «ተከፍሎ፣ ግን ሳይሰረዝ፣ ግን ደግሞ ተልኮ ከሆነ» እያሉ ይራቀቃሉ። አራት አማራጭ ብቻ ያለው አንድ ታይፕ ሠርቼ በፓተርን ማቺንግ (እያንዳንዱን አማራጭ ለየብቻ በማስተናገድ) ተካሁዎት። አምስተኛ አማራጭ ስጨምር የረሳሁትን ቦታ ኮምፓይለሩ እየለቀመ ያሳየኛል። እርስዎ ግን አንድም ቀን «ይህችን ረስተሃል» ብለውኝ አያውቁም። ዝም ብለው «ካልሆነ» በምትለው ኤልስ ውስጥ ይከቷታል።

ለፍትሕ ያህል የራሴንም ልናገር። አንድ ሰሞን ጠላሁዎትና ከየቦታው ነቀልኩዎት። «አዋቂ ከሆነ ይህ፣ ካልሆነ ያ» የምትል አንዲት ንጹሕ መስመር ነበረች፤ እሷንም ሳልምር በምልክት ክምር ተካኋት። በሳምንቱ ለማንበብ ሞከርኩ። ለጻፍኩት ለእኔም ማንበቡ ከበደኝ። መልሼ እርስዎን አስገባሁ። ሁለት መንገድ ብቻ ባለበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሚጠየቅበት ቦታ እርስዎን የሚያክል የለም። ይህን የጻፍኩት ለማንም እንዳያሳዩት አደራ።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በር ላይ አንድ ጊዜ ጠይቀው እንዲቀመጡ በትሕትና አሳስባለሁ። ወንበር አዘጋጅቻለሁ።

ከማይገባዎት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ኤልስ፣ ሁሌም ለሚከተሉት
ለኮምፓይለሩ፣ በክትትል እንዲይዘው
ለአቶ ናል፣ ካሉ