ጣቢያው ከሰው ሲርቅ

ሲልቨር ስፕሪንግ ዋሽንግተን ዲሲ አፍንጫ ሥር ያለች የሜሪላንድ ከተማ ናት። ሐበሻ ይበዛባታል። ጠዋት ባቡር ስጠብቅ በአማርኛ ሰላምታ ሳልለዋወጥ የተሳፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጆርጂያ አቬኑ ዳር አንዲት ትንሽ የጡብ ቤት አለች፤ አሮጌዋ የባቡር ጣቢያ። ሐዲዱ እዚህ የተዘረጋው በ1873 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ የተባለው ኩባንያ ነው የዘረጋው፤ ዋሽንግተንን ወደ ምዕራብ ከሚሄደው ዋና መስመሩ ጋር ለማገናኘት። በ1878 ጣቢያ ተሠራ። በ1945 ደግሞ በዚያው መሠረት ላይ የዛሬዋ ቤት ቆመች።

ዛሬ በዚያው ሐዲድ ማርክ የሚባለው ባቡር ይመላለሳል። በሥራ ቀን ጠዋት ከዌስት ቨርጂኒያ ጀምሮ ሠራተኛ እየለቀመ ዋሽንግተን ያስገባል፣ ማታ ይመልሳል። ሩቅ አገር ለማገናኘት የተዘረጋ መስመር የዕለት እንጀራ ፈላጊ መመላለሻ ሆነ ማለት ነው።

በ1978 የዋሽንግተኑ የከተማ ባቡር፣ ሜትሮው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሰ፤ የእሱ ጣቢያ ግን ከአሮጌዋ ትንሽ ራቅ ይላል። በ2002 የማርክ ባቡር መቆሚያ ከሜትሮው ጎን ተዛወረ። አሁን ከአንዱ ወርጄ ሌላው ላይ ለመሳፈር ጥቂት እርምጃ ይበቃኛል። አውቶቡሱም እዚያው ነው። አሮጌዋ ጣቢያም አልፈረሰችም። ለቅርስ የሚቆረቆሩ የአካባቢው ሰዎች ማኅበር በ1998 ገዝቶ አሳደሳት። አንድ ቀን ገብቼ ነበር። ቲኬት የሚቆረጥባት መስኮት እንዳለች ናት። የጭነት ባቡር ሲያልፍ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ወለሉ በጫማዬ በኩል ይሰማኛል።

እዚያ ቆሜ ለገሃርን አሰብኩ።

ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። ምኒልክ ከጅቡቲ ለሚመጣው ባቡር ፈቃዱን የሰጡት በ1894 ነበር። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ በረሃ ላይ ከተማ ፈጠረ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ምኒልክ ካረፉ ከ4 ዓመት በኋላ። የለገሃሩ ሕንፃ በ1929 ተመረቀ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ፊት ለፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆመ። ጣሊያን ያንን ሐውልት ሮም ድረስ ወስዶት ነበር፤ በኋላ ተመልሷል። ከባቡር የወረደ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር። ቀጥሎ ያለው ከተማው ነው፤ በእግር የሚገባበት።

በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር ግን ለመንገደኛው የሚጀምረው ከለቡ ነው፤ ከከተማው ዳር። የከተማው ቀላል ባቡር በ2015 ሥራ ሲጀምር በለገሃር አለፈ። አንዱ መስመር ቃሊቲ፣ ሌላው ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። ለቡ አይደርስም። ሁለት የባቡር መስመር በተከታታይ ዓመት ተመርቆ አንድ ቦታ ላይ አለመገናኘቱ ያንገበግበኛል። አዲስ ሐዲድ መሀል ከተማ ማስገባት ስንት ቤት እንደሚያፈርስ ይገባኛል። ግን ቀላል ባቡሩን ወደ ለቡ ማስቀጠል ይቻል ነበር። አሁንም ይቻላል።

ደግሞ ሐዲዱ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች ተመልከቱ። እንዶዴ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። በየጠዋቱ ሚኒባስ ተጋፍቶ አዲስ አበባ ለሥራ የሚገባ ሰው የሚኖርባቸው ናቸው። ጠዋት አስገብቶ ማታ የሚመልስ ባቡር ቢኖር ስንቱ እፎይ ባለ! ሐዲዱ አለ፣ ኤሌክትሪኩ አለ። የጎደለው የጠዋትና የማታ ፕሮግራም፣ ከለቡ መሀል ከተማ የሚያደርስም ነገር ነው።

አጎቴ ሜክሲኮ አካባቢ ነው የሚኖረው። ባለፈው ለለቅሶ ድሬዳዋ ሊሄድ ሲል ደወልኩለት። ጎህ ሳይቀድ ኮንትራት ታክሲ ይዞ ለቡ እየሄደ ነበር።

«ጋሼ፣ ድሮስ እንዴት ነበር የምትሄዱት?» አልኩት።

«ድሮማ» አለኝ፣ «ቁርሴን በልቼ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ፣ ለገሃር በእግሬ።»