ወላጅ አምጥታችሁ ኢንሹራንሱን ለእግዜር ለተዋችሁ

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ እናት አባቶቻችሁን ለማምጣት ያሳያችሁትን ትጋት ማንም አይክድም። ፎርም ሞልታችሁ፣ ስፖንሰር ሆናችሁ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ ጠብቃችሁ፣ ኤርፖርት በአበባ ተቀብላችኋል። የጤና ኢንሹራንሱ ግን ትዝ የሚላችሁ ኢመርጀንሲ ከገባችሁ በኋላ ነው። ቢሉ ሲመጣ ጎፈንድሚ ይከፈታል፤ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ መዋጮ ይሰበሰባል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ወገን ለሐዘንና ለድንገተኛ መከራ ይድረስ፤ በሁለት ወር ውስጥ መሞላት ለነበረበትና ላልተሞላ ፎርም ግን ወገን ለምን ይክፈል?

በመጀመሪያ የሰፈር ወሬ ማመኑን ተዉት። ሜዲኬር የአዛውንቶች የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ ነው፤ “65 ስለሞላቸው ሜዲኬር ያገኛሉ” የሚለው ወሬ ብዙ ቤት አበላሽቷል። የሜዲኬር ፓርት ኤ (የሆስፒታል ሽፋኑ) በነጻ የሚገኘው ሰውየው ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው አሜሪካ ውስጥ ታክስ እየከፈለ 40 ኳርተር ማለትም አሥር ዓመት ያህል ከሠራ ነው። የእናንተ የሃያ ዓመት ሥራ ለወላጆቻችሁ አይቆጠርም። በሥራ ቦታችሁ ያለው ኢንሹራንስም ባልና ሚስትን ልጅንም እንጂ ወላጅን እንደ ደንቡ አይጨምርም። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ ይዞ “ሜዲኬይድ አለላቸው” የሚለውም እንዲሁ ነው። ከ1996 ሕግ ወዲህ በቤተሰብም ሆነ በዲቪ ግሪን ካርድ ይዞ የገባ አዋቂ ለፌዴራሉ ሜዲኬይድ አምስት ዓመት ይጠብቃል። ከአምስት ዓመት በኋላም ቢሆን ዜግነት እስኪያገኙ ወይም 40 ኳርተር እስኪሞላ ድረስ፣ ስፖንሰር ስትሆኑ የፈረማችሁበት ገቢ እንደ እነሱ ገቢ ሊቆጠርባቸው ይችላል። ስደተኛና ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ከዚህ መጠበቅ ነጻ ነበር፤ ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ይህንንም በር ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ይዘጋዋል። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ግሪን ካርድ ላለው ሰው አምስቱን ዓመት ሳያስጠብቁ በራሳቸው ገንዘብ የመሸፈን የቆየ አሠራር ስላላቸው፣ የምትኖሩበትን ግዛት የሜዲኬይድ ቢሮ መጠየቅ አይቅር። የጎረቤት ልምድ ከሌላ ግዛት የመጣ ከሆነ ግን ለእናንተ ምንም አይጠቅምም።

እንግዲህ ለአብዛኛው አዲስ መጪ የሚቀረው ማርኬትፕሌሱ ማለትም መንግሥት ያቋቋመው የግል ኢንሹራንስ መግዣ፣ በተለምዶ ኦባማኬር የምትሉት ነው። እዚያ 65 ማለፍ አይከለክልም። ነጻ ፓርት ኤ የማይገባውና ሜዲኬር ውስጥ ያልገባ ሰው ዕድሜው 80 ቢሆንም መግዛት ይችላል፤ ነባር ሕመም አለበት ተብሎም አይመለስም። “65 ስላለፉ አይቻልም” የሚል ኤጀንት ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ናቪጌተር የሚባሉት ረዳቶች ምንም አያስከፍሉም።

ቀኑ ግን ይከለክላል። አሜሪካ ከገቡበት ዕለት ጀምሮ ያላችሁ 60 ቀን ነው። ካመለጣችሁ እስከ ኖቬምበር 1 ትጠብቃላችሁ፣ ሽፋኑም የሚጀምረው ጃንዋሪ 1 ነው፤ በፌብሩዋሪ የመጣች እናት ዓመቱን ባዶ እጇን ትከርማለች ማለት ነው። “ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ” ብላችሁ አትቀመጡ፤ ፓስፖርቱ ላይ ባለው የኢሚግራንት ቪዛ ላይ ሲገቡ የተመታው ማኅተም ራሱ የግሪን ካርድ ማስረጃ ነው። ሽፋኑ ፕላኑን ከመረጣችሁበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር መጀመሪያ ስለሚጀምር፣ ለዚያች ለምትቀረው ወር አጭር የጉዞ ኢንሹራንስ ከአዲስ አበባ ሳይነሱ ግዙላቸው።

ኦንላይን ስትሞሉ ሁለት ነገር ያደናቅፋችኋል። አንደኛው፣ ሲስተሙ የሰውን ማንነት የሚያረጋግጠው ከክሬዲት ታሪክ ጥያቄ እየጠየቀ ነው፤ ትናንት የገቡ አዛውንት ምን ክሬዲት አላቸው? ሲያቆማችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ በስልክ ጨርሱት ወይም የፓስፖርቱን ኮፒ ሲስተሙ ላይ ጫኑ። ሁለተኛው ስም ነው። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በፓስፖርት፣ በግሪን ካርድና በሶሻል ሴኩሪቲ ላይ አንድ ፊደል ከተለያየ ማስረጃ ላኩ የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ለኢሚግሬሽን ሁኔታ 95 ቀን፣ ለገቢ 90 ቀን ይሰጣችኋል፤ ደብዳቤው ሳይከፈት ቁም ሳጥን ላይ ካደረ ሽፋኑ ወይም ድጎማው (መንግሥት ከወርሃዊ ክፍያው ላይ የሚሸፍንላችሁ) ይቋረጣል። እናታችሁ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ፖስታቸውን መክፈት የእናንተ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ አብዛኞቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ነውና። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ምንም ገቢ የሌላቸው፣ በኢሚግሬሽን ሁኔታቸው ምክንያት ሜዲኬይድ የተከለከሉ ሰዎች ድጎማ ያገኙ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ይህ ቀርቷል። እናታችሁን በራሳቸው ስም፣ “ገቢ፦ ዜሮ” ብላችሁ ከሞላችሁ ድጎማ የለም፤ ሙሉ ዋጋው ደግሞ በዚያ ዕድሜ በብዙ ቦታ በወር ከሺህ ዶላር በላይ ነው።

ሕጋዊው መንገድ ታክሳችሁ ላይ ነው። ከኑሮ ወጪያቸው ከግማሽ በላይ የምትሸፍኑ ከሆነና የራሳቸው ገቢ ከገደቡ በታች ከሆነ (ለ2025 ገደቡ 5,200 ዶላር ነው)፣ ወላጅን ዲፔንደንት (በእናንተ የሚተዳደር ሰው) አድርጋችሁ ታክስ ፋይል ማድረግ ትችላላችሁ። ከእናንተ ጋር አንድ ቤት መኖርም ግዴታ አይደለም። ያኔ ድጎማው የሚሰላው በእሳቸው ዜሮ ገቢ ሳይሆን በእናንተ ቤተሰብ ገቢ ነው። እናንተ የሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም፣ ያ ኢንሹራንስ እናታችሁን እስካልጨመረ ድረስ ለእሳቸው ድጎማ መጠየቅ አይከለክልም። በ2026 ግን ጣሪያው ተመልሷል፦ የቤተሰቡ ገቢ ከድህነት መስመሩ 400 በመቶ ማለፍ የለበትም። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጅና አያት ሆነው አምስት ለሆኑ 150,600 ዶላር፣ አንድ ልጅና እናት ብቻ ለሆኑ 84,600 ዶላር ነው። ከ250 በመቶ በታች ከሆናችሁ ደግሞ ሲልቨር የሚባለውን የፕላን ደረጃ ምረጡ፤ ዲዳክቲብልን (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን) እና ኮፔይን (በየሕክምናው የምትከፍሉትን ድርሻ) የሚቀንሰው ተጨማሪ እርዳታ ያለው በሲልቨር ላይ ብቻ ነው። ብሮንዝ ርካሽ መስሏችሁ ስትገዙ ይህን ትጥሉታላችሁ።

ወንድምና እህት ሆናችሁ የምትጣሉበትን ነገርም እንናገር። እናትን ታክሱ ላይ የሚያስገባው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሁለት ልጆች ሲሞሉ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ሁለቱንም ይጠይቃል። ብዙ ሆናችሁ የምትረዱና ማንም ብቻውን ከግማሽ በላይ የማይሸፍን ከሆነ፣ ከአሥር በመቶ በላይ ካዋጡት መካከል አንዱ በሌሎቹ የጽሑፍ ስምምነት ማስገባት ይችላል፤ ፎርሙ 2120 ነው። እና እባካችሁ በታላቅነት አትምረጡ፤ በገቢ ምረጡ። ታላቅየው ከጣሪያው በላይ የሚያገኝ ከሆነ እናት በእሱ ስም ሆነው አንድ ዶላር ድጎማ አያገኙም፤ ገቢው ከጣሪያው በታች የሆነው ታናሽ ግን ሊያገኝላቸው ይችላል።

ደላሎች ደግሞ አሉ፤ “እናትሽ ድጎማ እንዲያገኙ ሕፃን ይይዛሉ ብለን በዓመት 16 ሺህ ዶላር ገቢ እንጻፍ” የሚሉ። ያልነበረ ገቢ መጻፍ ወንጀል ነው፣ የሚፈርመውም ደላላው ሳይሆን ቤተሰቡ ነው። ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ በብልጫ የተወሰደ ድጎማ ያለ ጣሪያ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ ቀድሞ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ገደብ ነበረው። ስለዚህ ኦቨርታይም ስትሠሩ፣ ሥራ ስትቀይሩ፣ ገቢያችሁ ሲጨምር ወዲያው ለማርኬትፕሌሱ አሳውቁ።

ለጉብኝት ለመጡት ነገሩ ሌላ ነው። የጎብኚ ቪዛ የያዘ ሰው የግዛቱ ነዋሪ ስላልሆነ ማርኬትፕሌስ አይገባም፤ ያለው የጉዞ ኢንሹራንስ ነው። እዚያ ላይ ስኳርና ደም ግፊት “ነባር ሕመም” ተብለው ይወጣሉ። አንዳንዱ በድንገት ሲባባስ እከፍላለሁ ይላል፤ ግን የዕድሜ ገደብ አለው፣ የሚከፍለው ጣሪያም ከ70 እና ከ80 በኋላ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ያንን አንቀጽ ሳታነቡ አትክፈሉ። ግሪን ካርድ ላላቸው እናት ይህንኑ የጉዞ ኢንሹራንስ ዓመት ሙሉ እየገዛችሁ “ኢንሹራንስ አላቸው” የምትሉ ደግሞ ራሳችሁን እያታለላችሁ ነው።

ቢሉ አስቀድሞ መጥቶ ከሆነ በክሬዲት ካርድ አትክፈሉት። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ሁሉ የፋይናንስ እርዳታ ፖሊሲ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል፤ ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ 240 ቀን የማመልከቻ ጊዜ አላችሁ።

አምስተኛው ዓመት ሲቃረብ ደግሞ አትተኙ። 65 ያለፈና ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት በተከታታይ የኖረ ሰው ሜዲኬርን በገንዘብ መግዛት ይችላል። በ2026 ፓርት ቢ (የሐኪም ሽፋኑ) በወር 202.90 ዶላር፣ ፓርት ኤ እስከ 565 ዶላር ነው፤ ፓርት ቢን ብቻውን መግዛትም ይፈቀዳል። በራሱ አይመጣም፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ማመልከት አለባችሁ። የምዝገባው ጊዜ አምስት ዓመቱ የሚሞላበት ወር፣ ከፊቱ ሦስት፣ ከኋላው ሦስት፣ በድምሩ ሰባት ወር ነው። ካለፋችሁ በየ12 ወሩ 10 በመቶ የፓርት ቢ ቅጣት ይጨመራል፣ ዕድሜ ልክም አይነሳም። አገር ቤት ከስድስት ወር በላይ መቆየት “በተከታታይ” የሚለውን ሊያፈርስባችሁ ይችላልና ቲኬቱን በዚህ ልክ ቁረጡ።

ገና መሥራት የሚችሉ ወላጆች ካሏችሁ በካሽ እንዲሠሩ አታድርጉ። በ2026 አራት ኳርተር ለማግኘት በዓመት 7,560 ዶላር ታክስ የተከፈለበት ገቢ ይበቃል። በ55 ዓመቱ የመጣ አባት በፓርኪንግም ሆነ በሌላ ሥራ አሥር ዓመት በወረቀት ከሠራ፣ በ65 ፓርት ኤ ለራሱ በነጻ ነው፤ እናትም 65 ሲሞላቸው በእሱ ሥራ ያለ ክፍያ ይገባሉ።