ዝናቡን ተዉትና ስለ ፓምፑ ጠይቁ

ወገኖቼ፣ ዛሬ መንግሥትን ብቻ አይደለም የምወቅሰው። እናንተንም ነው። ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

ድርቅ ሲመጣ የምናደርገው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ዝም እንላለን። ከዚያ የከብት ሬሳ ፎቶ ይወጣል። ያኔ ሁላችንም ብድግ ብለን «ኧረ ወገን አለቀ!» እንላለን፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር እንለጣጥፋለን፣ ትንሽ ብር እናስገባለን፣ ዝናብ ጠብ ሲል ደግሞ ጭራሽ እንረሳዋለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ድርቅ እኮ ሳይታሰብ ዱብ የሚል ነገር አይደለም። ቦረና ላይ ከ2013 እስከ 2015 አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ነው የከሸፈው። የጥቅምቱ ቀረ፣ የመጋቢቱ ቀረ፣ እንደገና የጥቅምቱ ቀረ። ሣሩ አለቀ፣ ላሟ ነጠፈች፣ ከስታ ገበያ ስትወጣ የሚገዛት ጠፋ፣ መጨረሻ ላይ ወደቀች። እኛ የሰማነው ስትወድቅ ነው። ሚቲዎሮሎጂ በየወቅቱ ትንበያ ያወጣል፣ ሳይወድቁ በፊት ከብቶቹን በደህና ዋጋ መግዛት፣ ድርቆሽ ማድረስ፣ የቆሙ ጉድጓዶችን መጠገን እንደሚቻል ደግሞ ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። ውሃ በቦቴ ማመላለስ የመጨረሻው አማራጭ መሆን ነበረበት። እኛ አገር ግን እሱ ሲጀመር ነው «መንግሥት ምላሽ ሰጠ» የሚባለው፣ እኛም እናጨበጭባለን።

«የእግዜር ቁጣ ነው፣ ምን ይደረግ» የምትሉኝ አላችሁ። ዝናቡ የእግዜር ነው፣ እሺ። ረሃቡ ግን የማን ነው? በ1965 እና 66 ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ቤተ መንግሥቱ ጉዳዩን ሸፋፍኖ ነበር። በ1977 መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በትልቅ ድግስ ተከበረ፣ በወሩ የኮረም ረሃብተኞች ምስል ዓለምን አዳረሰ። በ2008 ደግሞ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈልጎ ነበር፣ ግን እንደዚያ ዘመን እልቂት አልሆነም። ከ1997 ጀምሮ የተዘረጋ፣ ለችግረኛ ቤተሰብ ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጥ ሴፍቲኔት ነበረ፣ መንግሥትም ከራሱ ካዝና ገንዘብ አወጣ። ጉድለት አልነበረበትም አልልም። ሲፈለግ ግን ይቻላል።

ደግሞ ውለታ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89 ለመንግሥት አደጋን የመከላከል፣ ከደረሰም ለተጎጂው በወቅቱ እርዳታ የማድረስ ኃላፊነት ሰጥቶታል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃን የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል፣ ለቤት ፍጆታ የሚውለውንም ከሌላው ሁሉ ያስቀድማል። ገበሬው ውሃ ሲጠይቅ እየለመነ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በየገጠሩ የምታዩት አንድ ነገር አለ። ቦኖ። በሲሚንቶ አምሮ የተሠራ፣ ጎኑ ላይ የመረቀው ባለሥልጣን ስም በእብነ በረድ የተቀረጸበት። ስሙ ይነበባል፣ ቧንቧው ግን ደርቋል። ሮቶው ሸረሪት አድርቶበታል። የጄኔሬተሩ ቤት ተቆልፏል፣ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። የተበላሸው ምንድን ነው ብትሉ አንዳንዴ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያ ነው። ቺንጊያ! ሴቶቹ በዚያው አጠገብ ቢጫ ጄሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ሪባኑ ሲቆረጥ እልል ያልነው እኛው ነን፣ ቧንቧው ሲደርቅ ግን የጠየቀ የለም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የኩሬ ዘመቻ ነበር፣ ታስታውሱ ይሆናል። በየገበሬው ማሳ ኩሬ ይቆፈር ተባለ፣ ኮታ ወረደ። ሪፖርቱ የተቆፈረውን ቆጠረ እንጂ ውሃ የያዘውን አልቆጠረም። ብዙው ሰረገ፣ በደለል ተሞላ፣ የተነጠፈው ፕላስቲክ ተቀደደ። ሐሳቡ እኮ ክፉ አልነበረም። ኮታ ነው የገደለው፣ የሰው ዝምታም ረድቶታል።

ሌላም አለ፣ እሱስ ያሳፍራል። በ2015 ሰኔ ላይ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለመላ አገሪቱ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ አቆሙ፣ እህሉ ለተራበው ሳይደርስ ወደ ሌላ እየሄደ ነው ብለው። ለወራት ቆመ። የተቀጣው የተራበው ነው። ማን ሰረቀ የሚለውን ለሕግ እንተወው። የገዛውስ? «አይሸጥም» ተብሎ የተጻፈበት ጆንያ ፊት ቆመህ ዋጋ የተከራከርከው አንተ አይደለህም እንዴ?

የሐረማያ ሐይቅም በአንድ ጊዜ ዝናብ እጥረት አልነበረም የደረቀው። ለከተማ ተሳበ፣ ለጫት ተቀዳ፣ ደለል ገባበት። ሁሉም ፓምፑን አስነስቶ እየሳበ ጎረቤቱን ይከስ ነበር። ውሃው ኋላ መመለስ ጀምሯል፣ እሰየው፣ ግን ዛሬም ሌላ ቦታ ያንኑ እያደረግን ነው።

እኛ እኮ መጠየቅ አቅቶን አይደለም። ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝተናል፣ በ8100 መልእክት ልከናል፣ በየጊዜው «ስንት ከመቶ ደረሰ?» ስንል ከርመናል። ለምን የቀበሌያችን ጉድጓድ ስንት ከመቶ እንደደረሰ አንጠይቅም?

እና የሚቀጥለው ትንበያ ሲወጣ፣ ከብት ሳይወድቅ፣ ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ከተማ ያላችሁት ዘመድ የላችሁም? ደውሉና አብራችሁ ጠይቁ። ስንት ጉድጓድ ይሠራል? ስንቱ ቆሟል? የመለዋወጫው በጀት የት ገባ? ጠጋኙ ማነው፣ ስልኩስ ስንት ነው? «ስብሰባ ላይ ናቸው» ካሏችሁ በሳምንቱ ተመለሱ፣ ጎረቤት ጨምራችሁ።