ሻጩ አንድ ቁጥር ያያል፣ ገዢው ሃምሳ

ጂኦሎጂስት ጓደኛዬ በቀደም ከቦርሳው የማይካ ቁራጭ አወጣና በጥፍሩ ላጥ ላጥ አደረገልኝ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች፣ የምታብረቀርቅ ነገር ናት። «ወሬ የምታወጣው ይቺ ናት» አለኝ። ታንታለም (ለስልክና ለኮምፒውተር ክፍሎች የሚያገለግል ብረት) ፈላጊ ብዙ ብር አፍስሶ ከመቆፈሩ በፊት ማይካዋን ያስመረምራል። ከፖታሲየሟ አንጻር ሩቢዲየሟ ከበዛ ነገር አለ ማለት ነው።

ለምን? ወጥ እሳት ላይ ሲቆይና ሲመጠጥ ጨው ይበረታበታል። ከመሬት በታች የቀለጠ ግራናይትም ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ከዚህ አይርቅም። ፌልድስፓርና ኳርትዝ የሚባሉት የግራናይት ዋና ማዕድናት እየረጉ ሲሄዱ ሊቲየም፣ ቤሪሊየምና ታንታለም እነሱ ውስጥ ቦታ አያገኙም። ስለዚህ የቀረው ፈሳሽ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ሩቢዲየምም አብሯቸው ይበዛል፤ ማይካዋ ወሬ የምታወጣው ለዚህ ነው። በተራ ዐለት ውስጥ ታንታለም በቶን 1 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። የመጨረሻዋ ጭላጭ ፔግማታይት የሚባል ዐለት ሆና ስትረጋ ግን በቶን ከ100 ግራም በላይ ልትይዝ ትችላለች።

ኒዮቢየምና ታንታለም ደግሞ መንታ ናቸው። እስከ 1844 እ.ኤ.አ. ድረስ አንድ ናቸው ብለው የተከራከሩ ኬሚስቶች ነበሩ። በተራ ዐለት ኒዮቢየሙ ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል። ወደ ጭላጩ ሲጠጉ ልዩነቱ ይጠባል፤ ከአምስት እጥፍ በታች ሲወርድ ባለሙያው ጆሮውን ያቆማል።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ቀንጢቻ ላነሳ ነው። ጉጂ ዞን ውስጥ፣ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ዕድሜው 530 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ የሆነ ፔግማታይት አለን። በእኛ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ታንታለም ወጥቶበታል። ሊቲየም የያዘው ስፖዱሚንም እዚያው ነው። ችግሩ ዩራኒየምም እንደነሱ ቦታ አጥ መሆኑ ነው። ጭላጩ ላይ አብሮ ይደርስና ታንታለም በያዘው ማዕድን ውስጥ ይሰነቀራል። ጨረሩ በግራም ከ10 ቤክሬል (የጨረር መለኪያ ነው) ካለፈ ጭነቱ እንደ ራዲዮአክቲቭ ዕቃ ይቆጠራል። ያኔ መርከብም ገዢም ፊቱን ያዞራል፤ ዋጋውም ይወርዳል።

(የሻኪሶ ኤመራልድም የዚሁ ታሪክ ዘመድ ነው። ቤሪሊየሙ ከግራናይቱ ወገን፣ አረንጓዴ የሚያደርገው ክሮሚየም ከጎረቤቱ ጥቁር ዐለት። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ኤመራልድ የለም።)

እንግዲህ የእኔ ቅሬታ። የላብራቶሪ ወረቀት ዛሬ በአንድ ናሙና ሃምሳ ያህል ንጥረ ነገር ዘርዝሮ ይሰጣል። ገዢው ሁሉንም ዓምድ ያነባል። እኛ የምንከራከረው በአንዱ ላይ ነው፤ ዜናችንም «ይህን ያህል ቶን ተገኘ» ከማለት አያልፍም። ዩራኒየሙ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ አይቼ አላውቅም፤ ራሴንም ጨምሮ።

አንድ ዓምድ ብቻ ማየት ምን እንደሚያስቀር አውስትራሊያ ያለው ግሪንቡሽስ ያሳያል። በ1888 እ.ኤ.አ. ሰዎች እዚያ የሄዱት ለቆርቆሮ ብረት ነበር። በኋላ ታንታለም ሆነ። ዛሬ በዓለም ከታወቁት የሊቲየም ማዕድን ማውጫዎች አንዱ ነው። ድንጋዩ ያው ነው፤ የሚፈለገው ዓምድ ነው የተለወጠው።

ስለዚህ ፈቃድ የያዘ ሁሉ ሙሉውን ወረቀት ለመንግሥት ያስገባ፤ ከጊዜ በኋላም ለሕዝብ ይከፈት። «የኩባንያ ምስጢር ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ምስጢር ይሁን፤ ግን ለዘላለም? የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት የፍለጋ ሪፖርቶችን ከአምስት ዓመት በኋላ ይለቃል። ኩባንያዎቹ ግን እስካሁን ከዚያ አልሸሹም።

ለቀንጢቻ አምስት ዓመትም መጠበቅ አያስፈልግም። ለረጅም ጊዜ በመንግሥት ድርጅት እጅ የነበረ ቦታ ነው። የቆየውን ወረቀት ከመደርደሪያ አውርዶ፣ አቧራውን አራግፎ ስካን ማድረግ ነው።